ላፕቶፑን የጠበቁት መምህር

ምርጫው በስልክ ይሁን የተባለ ዕለት መምህር አድማሴ የገበሬዎቹን ማኅበር ስብሰባ ጥለው ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ እጅ እያስወጡ ቆጥረዋል፤ የወጣ እጅ ይታያል። በአየር ላይ የሚሄድን ድምፅ ማን እንደነካው በምን ይታወቃል? አባላቱ ግን፣ "በስልክ ይሁን፤ እርስዎ ይቆጣጠሩልን፤ እርስዎን እናምናለን" አሏቸው። እናምናለን ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ያስቸግራል።

የሚመረጠው ሰው አልነበረም። ከጥርባ ሐይቅ ወዲህ ያለው የማኅበሩ ሜዳ ነበር። አንድ ቁጥር፣ ሜዳው እንደ ድሮው የፈረስና የከብት ግጦሽ ሆኖ ይቆይ ማለት ነው። ሁለት ቁጥር ደግሞ ለሃያ ዓመት ተከራይቶ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ይተከልበት ማለት። በ2011 ዓ.ም. በአካባቢው ዲከረንስ ያልገባበት መሬት እየጠፋ ነበር። የመምህር ባዝራና ውርንጭላዋ ከዚያ ሜዳ ሌላ መዋያ አልነበራቸውም። እሳቸውም ሆኑ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ሜዳው ታጥሮ ማየትን ሲያስቡት እንጀራ አይወርድላቸውም ነበር።

ሜዳውን የፈለገው የዳንግላው ነጋዴ ክንዴ ነው። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ይሄይስ የሚባለው ወጣት ከባሕር ዳር የመጣው ደግሞ በክንዴ መኪና ነው። ለመምህር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

"ጠዋት ለእያንዳንዱ አባል በስልኩ የምስጢር ቁጥር ይላክለታል" ሲል ይሄይስ አስረዳ። "እሱን ከምርጫው ጋር መልሶ ይልካል። ቁጥሩ ከራሱ ስልክ በቀር ሌላ ቦታ አይደርስም።"

"ኮምፒውተሩ ጋስ የሚደርሰው ማን ነው?"

ይሄይስ ሳቀ። ሳቁ መምህርን አልጣማቸውም።

ስለዚህ ተዘጋጁ። የምርጫውን ዕለት በገበያ ቀን አደረጉት፤ ሦስት መቶ አሥሩም አባል ከየመንደሩ የሚወጣው ያን ቀን ነው። የገጠሩ አባል ቤቱ መብራት የለም፤ ስልኩን ቻርጅ የሚያስደርገውም ገበያ ሲወጣ ነው። ባትሪ ጨርሶበት ድምፁ የሚቀርበት ሰው እንዳይኖር፣ የዚያን ቀን ቻርጅ በነፃ መሆኑን በየቤተ ክርስቲያኑ አስነገሩ። መምህር አድማሴ ይህን ያህል ያስቡ ነበር።

በዕለቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ከላፕቶፑ አጠገብ ተቀመጡ። በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ይሄይስ ሽንት ቤት ሲሄድ ላፕቶፑን ከድነው ክንዳቸውን ጣሉበት።

አምስት ሰዓት ላይ ሁለት ቁጥር ሰባ አራት፣ አንድ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። በዚህ መሃል ክንዴ በመስኮቱ በኩል ብቅ ብሎ ለይሄይስ የታሸገ ውኃ አቀበለውና አንድ ነገር በጆሮው ነገረው።

"ምን አለህ?"

"ምሳ በላህ ወይ ነው ያለኝ፣ መምህር።"

መምህር ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ ይበልጥ አስጠጉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሙሉነሽ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቃቸው ምሳ ይዘው መጡ። "ቶሎ ብላ" አሉ። "መደርደሪያው ሞልቶ ለቻርጅ የመጣውን ስልክ መሬት ነው የደረደርኩት። ሰዉ ሁሉ አስቀምጦ ገበያ ገብቷል።"

"እየተበላን ነው፣ ሙሉ።"

"በስንት?"

"በሠላሳ አምስት።"

ወይዘሮ ሙሉነሽ ወደ ሱቃቸው ዞረው አዩ። "አይዞህ፤ ገና ቀን ነው" አሉና ሳህኑን እንኳ ሳይጠብቁ ተመለሱ።

ከሰባት ሰዓት በኋላ አንድ ቁጥር መነሣት ጀመረ። ሃምሳ፣ ሰባ፣ ዘጠና ደረሰ። መምህር ባይበሉም ጠገቡ። ሰዉ ገበያውን ጨርሶ ወደ ልቡ ተመለሰ ብለው አሰቡ። ይሄይስ ግን ፊቱን እያኮማተረ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልክ አልመጣልኝም። ላለፈው አንድ ሰዓት የገባው ሁሉ አንድ ቁጥር ነው። አንድም የተለየ የለም።"

"ጠዋት ሁለት ሲመራ ለምን ልክ አልመጣልኝም አላልክም?"

"ጠዋት እየተቀላቀለ ነበር የሚገባው። ለግማሽ ሰዓት ላቁመውና ጥቂት ሰዎች ፈልገን እንጠይቅ።"

ይኸው፣ አሉ በሆዳቸው። የፈሩት መጣ። ልጁ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሲዘረጋ እጃቸውን በእጁ ላይ ጫኑበት።

"እጅህን አንሳ። ሕዝብ ሲመርጥ አይቆምም።"

"መምህር፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ..."

"አንሳ አልኩህ።"

ይሄይስ እጁን አነሣ።

አሥር ሰዓት ላይ ምርጫው ተዘጋ። አንድ ቁጥር መቶ ስድሳ ስምንት፣ ሁለት ቁጥር ሰባ ዘጠኝ። መምህር ውጤቱ ትክክል መሆኑን አረጋግጠው በሦስት ቅጂ ፈረሙ፤ ማኅተም መቱ። ክንዴ ፊቱ ቢጠቁርም እጃቸውን ጨበጠ። "ሕዝቡ ካለ ምን ይደረጋል" ብሎ ወጣ።

መምህር በሩን ከፍተው ወደ ውጭ ብቅ ሲሉ ደስታው እንባ እንባ አላቸው። ሜዳው ተረፈ። ሌባውን ከኮምፒውተሩ ላይ እጁን ይዘው አስቀሩት። ይህንን ለሙሉነሽ ለመንገር መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ የሚኖሩት አያ አበረ ባዶ ጆንያ በትከሻቸው ጥለው እየሮጡ መጡ።

"መምህር፣ ዘገየሁ እንዴ? ድንቹ አልሸጥ ብሎኝ ስልኬን ገና አሁን ከወይዘሮ ሙሉነሽ መቀበሌ ነው። ይቅር ይበሉኝና እኔ እንኳ ሁለት ነበር የምለው። ፊደል አላውቅም፤ እስቲ የተላከውን ያንብቡልኝና ይሙሉልኝ።"

መምህር መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉ።

"አንድ ቁጥርን መርጠዋል። ስለ ድምፅዎ እናመሰግናለን።"