ጭላንጭል ስልክ ስታነሳ

«ጨምሪው እንጂ አያቴ! ምንም አይሰማም እኮ!» ትላለች የልጅ ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጣ።

እኔ ደግሞ እቀንሰዋለሁ። ሪሞቱን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ዓይኔን ገርበብ ካለው የመኝታ ቤት በር ሳልነቅል፣ ቀስ እያልኩ እቀንሰዋለሁ። ከበሩ ወዲያ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሐኪሞቹ ጉሮሮዋን ከነኩት ወዲህ ድምፅ የላትም፤ ሹክሹክታ እንኳን አይወጣላትም። ስትፈልገኝ ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች፣ እኔም የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ግን ትናገራለች።

ካርቱን መጀመሪያ ድምፁ ይቀዳል፣ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ በድምፁ ልክ ይሠራል። ሥዕሉ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ልጄ በደህናው ቀን ለካርቱኑ የተናገረችው ገና ዛሬ በኢንተርኔት ደረሰን፤ እሷ ያለችበት የመጨረሻው ክፍል ነው። ከሚቀጥለው ጀምሮ ሌላ ሴት ትተካታለች። «እኔ ባለሁበት እንዳይከፈት» ብላ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳይታኛለች። ታዲያ የልጅ ልጄን ምን ልበላት? የእናቷን ድምፅ ነው የናፈቀችው። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ እኔም ከሷ አልሻልም።

ጭላንጭል ጣሪያ ላይ ቆማለች። ልጄ ድምፅ የምትሰጣት ጀግና መርማሪ ናት። ከተማው ያው ጨለማ ነው፤ መኪኖቹ በሰማይ ይሄዳሉ፣ ዝናቡ አያባራም፣ የሱቆቹ መብራት ቀይና ሰማያዊ ሆኖ መንገዱ ላይ በተኛው ውሃ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይዋን የሰረቀውን ሰው ነው የምታሳድደው።

«ኮቷን እንኳን አልቆለፈችም» እላለሁ። «በዚህ ዝናብ!»

«አያቴ፣ ጀግና እኮ ናት! ብርድ አይዛትም!»

«ጀግና ሳንባ የለውም ያለሽ ማነው?»

«እሽሽሽ!»

«እዚህ ከተማ ውስጥ» ትላለች ጭላንጭል፣ ዝቅ ብሎ ትንሽ ሻከር በሚለው በልጄ ድምፅ፣ «የሚሸሽ ሁሉ ሌባ አይደለም። አንዳንዱ የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው የሚሮጠው።»

ያ ድምፅ! ጠዋት ጠዋት ቁልፏ ሲጠፋባት «እማዬ፣ ደግሞ የት ደበቅሽው?» እያለ ቤቱን የሚያናውጠው። ጣቴ ሳላዘው ትንሽ ይጨምራል። ደንግጬ መልሼ እቀንሳለሁ።

ሌባው ከጭስ ማውጫው ጀርባ ብቅ ይላል። ጭላንጭል ልትዘልበት ስትል ጆሮዋ ላይ ያለው ስልክ ይጮሃል።

«አቤት እማዬ።»

ልቀንስ ብዬ የማይሆነውን ነካሁ መሰለኝ፣ የልጄ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ከወዲያኛው ጫፍ የሚናገረው አይሰማም። ዝናብ ብቻ።

«በልቻለሁ።»

ዝናብ።

«ኧረ ለብሻለሁ፣ ለብሻለሁ!»

ከዚያ ረጅም ዝናብ። ሌባው ራሱ ግራ ገብቶት ቆሞ ይጠብቃታል።

«እሺ። እሺ አልኩሽ እኮ እማዬ። ሥራዬን ስጨርስ እመጣለሁ።»

የልጅ ልጄ በሳቅ ትንፈራፈራለች። «አያቴ፣ አንቺን እኮ ነው! አንቺን ነው የምታናግረው!»

እኔን ነው። «ቀረጻ ላይ ስሆን አትደውዪ» ብላ ስንቴ ለምናኛለች። ምን ላድርግ? ሰማዩ ከጠቆረ ሆዴ አያስችለኝም። ይህን መልስ ደራሲው ከየት ያመጣዋል? እሷው ናት የሰነቀረችው።

በሩ ሲጥ ብሎ ሲከፈት ዞር እላለሁ። ልጄ አንገቷ ላይ የአንገት ልብሷን ጠምጥማ፣ በባዶ እግሯ ቆማለች።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ አሁን አጠፋዋለሁ። ይቺ ልጅ አስቸግራኝ ነው...»

«ውሸት! ራሷ ናት የከፈተችው!»

«አንቺ ጩጬ፣ ዝም በይ!»

ልጄ መዳፏን ትዘረጋለች። ሪሞቱን እሰጣታለሁ። ልታጠፋው ነው፤ ያንን ድምፅ ዳግመኛ ላልሰማው ነው ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። እሷ ግን አጠገቤ ትቀመጥና ወደ ኋላ ትመልሰዋለች።

«አቤት እማዬ።»

በክርኗ ትጎሽመኛለች። አልገባኝም። እንደገና ትመልሰዋለች፤ መጀመሪያ በጣቷ እኔን፣ ቀጥላ ቴሌቪዥኑን ታሳየኛለች።

«ጠይቂያት እኮ ነው የምትልሽ!» ትላለች የልጅ ልጄ።

«አቤት እማዬ።»

«ምሳ በላሽ ወይ?» እላለሁ።

«በልቻለሁ።»

«ብርድ ነው እኮ፣ የሚሞቅ ነገር ለብሰሻል?»

«ኧረ ለብሻለሁ፣ ለብሻለሁ!»

አሁን ያ ረጅሙ ዝናብ ይመጣል። «በይ ሳይመሽ ነይ፤ መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝሽን እዪ፤ ከማታውቂው ሰው መኪና እንዳትገቢ፤ ደግሞ ስትደርሺ በሩን ሦስቴ አንኳኪ፣ አንቺ መሆንሽን እንዳውቅ...» ስል ስል ትንፋሼ ያልቃል። እዚያው ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ፦

«እሺ። እሺ አልኩሽ እኮ እማዬ።»

ለካ ክፍተቱን በእኔ ልክ ነው የተወችው።

ቀና ብዬ አያታለሁ። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አይደለም፣ እኔ ላይ ነው። «ሥራዬን ስጨርስ እመጣለሁ» ይላል ድምፁ፤ ከንፈሯ አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ ሪሞቱን ታነሳለች። ሌባው ወደ ጭስ ማውጫው ጀርባ ይመለሳል፣ ዝናቡ ከጭላንጭል ኮት ላይ ተነስቶ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ስልኩ እንደገና ሊጮህ ነው።