የጉንዳን ጉርሻ

«ሳህኑን አስቀምጪና ሂጂ፣ ራኬብ» አሉኝ አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ። የአፍንጮ በር ልጅ እንዲህ በቀላሉ አትባረርም፤ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከአጥሩ ውጭ ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጮኻል።

አባቴን ጋሼ ነው የምላቸው፤ አርባ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። ላጉርስዎ ስላቸው አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ፤ በግራቸው ሲሞክሩ ምግቡ ደረታቸው ላይ ይቀራል። ሸሚዙ ሁሉ ሰፍቷቸዋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ በባዶ ሆድ አይወሰድም ተብሏል። እየቀለድኩ እውላለሁ እንጂ በጣም ፈርቻለሁ።

መሬት ላይ የወደቀችውን ፍርፍር ጉንዳኖች ከበዋታል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ያያሉ። መነጽራቸውን አቀበልኳቸው።

«ያቺን ሆዷ የተነፋውን ተመልከቺ» አሉ፤ የክፍል ድምፃቸው ነው። «እሷ በልታለች። ይቺኛዋ ርቧታል፤ በአንቴናዋ ነካ ነካ ታደርጋታለች። ይኸው፣ አፍ ለአፍ ገጠሙ!»

«ተሳሳሙ እንዴ?»

«ምን መሳሳም! እያጎረሰቻት ነው። ጉንዳን ሁለት ሆድ አላት፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የሁሉም። ከሁለተኛው ነው የምታካፍላት።»

«የራባትስ? አታፍርም?»

ጋሼ ከጉንዳኖቹ ቀና ብለው አዩኝ። ተማሪ ያልጠበቁትን ጥያቄ ሲጠይቃቸው እንዲህ ነበር የሚሆኑት።

«ምን ያሳፍራታል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ እሷም በተራዋ ታጎርሳለች።»

ይሄኔ ገባኝ። መጉረሱ አልነበረም የከበዳቸው፤ ከእንግዲህ ማንንም የማያጎርሱ መስሏቸው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገባቸው ሆኜ አላየሁትም።

ሳህኑን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት። «እኔም ምሳ አልበላሁም» አልኩና አፌን ከፈትኩ። ውሸት አልነበረም።

«በግራ እጅ?» አሉ ደንግጠው።

«አፌ መሃል ላይ ነው፣ ጋሼ።»

ግራ እጃቸው እንደ ምንም ፍርፍሩን ጠቀለለ፤ መቼም የእሳቸው ጉርሻ ትንሽ ሆኖ አያውቅም። መንገድ ላይ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ወደቀ፣ የተወሰነው አገጬን ቀባው። የተረፈውን ሳኝክ በርበሬው ትን አለኝ። ጋሼ ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስታው ከሳሉ ጋር ተደባልቆ አስለቀሰኝ።

እስክውጥ ጠበቁኝ። ከዚያ መነጽራቸውን በግራ እጃቸው አወለቁና አፋቸውን ከፈቱ።