የተደበቀው ጎመን

መንግሥት ደም ማቅጠኛ ክኒን ለሁላችንም ግዴታ ካደረገ ወዲህ ጎመን ክልክል ነው፤ ክኒኑን ያከሽፈዋል። ደማችን ከመቅጠኑ የተነሳ አንድ ጥፊ እንኳን ጭንቅላት ውስጥ ደም አፍስሶ ይገድላል። ሰው ሁሉ መማታት ሲተው ባሌ ዘርጋው ግን ባሰበት።

ዛሬ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ደብቄ የተከልኩትን ጎመን ነቅሎ ማድቤት ገባ። ፊቴ ላይ ወረወረውና በቡጢ ጆሮ ግንዴን አለኝ። ከግድግዳው ጋር ተላትሜ ተነሳሁ።

«ለካ በዚህ ነው የማትሞቺው!» አለ።

«በዚህ ነው።»

እንደገና ሲመጣብኝ ዘነዘናውን አነሳሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ዘርጋው ሕግ አክባሪ ነው። ክኒኑን አያስታጉልም፤ ከአዋጁ ወዲህም ጎመን አልቀመሰም።

ዘነዘናውን አስቀመጥኩና በጥፊ አልኩት።