በዜሮ ማርሽ ቁልቁል

የማኅሌቱ ዜማ በጉሙ ውስጥ ሲመጣ አባቷ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ፣ ይቺን ጩኸታም መኪናሽን እስቲ ዝም አሰኛት፤ ማኅሌት ላይ ናቸው» አሏት። እሷም ማርሹን ዜሮ አደረገችው። ቀይዋ የስፖርት መኪና ጩኸቷን ዋጥ አድርጋ ቁልቁለቱን በገዛ ክብደቷ ተንሸራተተች። ጉሙ በመስኮት ገብቶ ነጠላቸውን ዳበሰው። ጉልበት ከድቷቸው ማኅሌት መቆም የተዉት ሽማግሌ፣ ከማይታየው ደብር ለሚመጣው ዜማ የመኪናዋን ወለል በመቋሚያቸው ቀስ እያደረጉ ይመቱለት ጀመር። ጎማዎቹ መሬት የለቀቁ መሰላት።

መኪናዋ ግን እየፈጠነች ነበር። ፍሬኑን ረገጠችው፤ ደግማ ረገጠችው፤ የተቃጠለ ነገር ሸተታት፣ ፔዳሉም ከእግሯ ሥር እየላላ ሄደ። ኩርባው ከጉሙ ወጥቶ ሲመጣባት ወደ አባቷ ዞር አለች፤ ፊታቸው እንዲህ በርቶ ካየችው ቆይታለች። «አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችና ፍሪሲዮኑን ረግጣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባች። ሞተሩ አጉረመረመ። ወዲያው ወደ ሁለተኛ አወረደችው፤ መኪናዋ ገደሉ እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኸችና፣ ልጓሟን እንደተያዘች በቅሎ ፍጥነቷን ሰብስባ ኩርባውን በእርጋታ ዞረች።

ቁጣቸውን ጠበቀች። አባቷ ዓይናቸውን አልገለጡም። መቋሚያቸውን ብቻ ከፍ አድርገው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱት።

«ከበሮው ዘግይቶ ነበር» አሉ። «አሁን ገባ።»