ናፍጣ በናፍቆት

ነዳጅ በብር መሸጡ ከቀረ ወዲህ ቤንዚን የሚቀዳ እንቅልፉን፣ ናፍጣ የሚቀዳ ደግሞ ናፍቆቱን ይከፍላል። ሽንኩርት ነጋዴው ጌጡ ይህን እንደሰማ የቤንዚን መኪናውን ሸጦ በናፍጣ የሚሄድ ፒክአፕ ገዛ። «እንቅልፍስ ያስፈልገኛል፤ ናፍቆት ግን ምኔ ነው?» እያለ ብልጠቱን ለሰፈሩ አወራ።

ድሮ ከመቂ ሲመለስ ለሚስቱ ለዘርፌ ፓፓያ ሳይዝ አይገባም ነበር። አሁን ሳምንት ከርሞ ባዶ እጁን ይመጣል። «ናፈቅኩህ?» ስትለው፣ «ለምን? የት ሄደሽ ነበር?» ይላትና ተኝቶ ያንኮራፋል።

አንድ ማለዳ ዘርፌ የራሷን እንቅልፍ ከፍላ የገዛችውን ቤንዚን ፒክአፑ ውስጥ ገለበጠችው። ናፍጣ የለመደው ሞተር ሁለቴ አስነጠሰውና ከግቢው በር ሳይርቅ ጸጥ አለ። ጌጡም መኪናው እስኪጠገን ቤት ዋለ፤ ናፍጣ ስላልቀዳ ናፍቆቱ ቀስ በቀስ ይበቅልበት ጀመር።

በሳምንቱ በረንዳ ላይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘችው።

«ምን ሆንክ?»

«ናፍቆት ገደለኝ።»

የዘርፌ ልብ ዘለለ። «ማን ናፍቆህ?»

«መኪናዬ።»

ዘርፌ እንቅልፍ ያጡ ዓይኖቿን እያሸች ከጎኑ ተቀመጠች።

«ግድ የለም» አለችው፤ «ወረፋ ለምጃለሁ። ከመኪናህ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።»