አደራው

ከራሱ በቀር ሰው የማያምን ጡረተኛ፣ እግሯ ለማይታዘዛት ታናሽ እህቱ ለዘውድነሽ ቤቱን በአደራ ሊያስቀምጥላት ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ሊፍት የሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠበቃ የመረጠው ራሱ ነውና፣ ባለጉዳይዋን ከነዊልቸሯ ታች ዘበኛው ጋ ትቷት ወጣ።

"እኔ የሞትኩ ለት አለቀላት" አለ እያለከለከ። "ያለ እኔ አንዲት ቀን አትውል አታድርም!"

ጠበቃዋ ብዕሯን አነሳች። "ምግብ የሚያበስልላቸው ማን ነው?"

"እሷው ናት። እኔማ ውኃም አሳርራለሁ።"

"የቤቱን ወጪ የሚይዝስ?"

"እሷ። እኔ እጅ ላይ ብር አይበረክትም።"

"መድኃኒታቸውን የሚያስታውሳቸውስ?"

"የኔንም የምታስታውሰኝ እሷ ናት" አለ፤ ድምፁ ግን ከቅድሙ ቀነስ ብሏል።

"እሺ ጋሼ፣ መታወቂያዎን ይስጡኝ።"

ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ፤ የለም። ቢጨንቀው እህቱ ዘንድ ደወለ። ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከማናገር በቀር ስለማያውቅበት መልሷ ክፍሉን ሞላው።

"ወንድም ጋሼ፣ በኮትህ የውስጥ ኪስ ነው። ሻይ እንዳትደፋበት በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ስትወርድ ደግሞ ደረጃውን ደገፍ እያልክ።"

ጠበቃዋ ከጀመረችው ወረቀት ቀና ብላ አየችው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አደራው ለማን ነበር ያሉኝ?"