የወይዘሮ ወርቄ የክርስትና ስም

ምራታቸው ለሊሴ የክርስትና ስማቸውን እያጠያየቀች መሆኗን ለወይዘሮ ወርቄ የነገረቻቸው ጎረቤታቸው ሙሉነሽ ናት።

«ለምን ፈለግሽው ብላት፣ እንዲያው ነው አለችኝ።»

እንዲያው ብሎ የሰው የክርስትና ስም የሚጠይቅ ቀበና ውስጥ የለም። ወርቄ የሚለውን ባለሱቁም የታክሲ ረዳቱም ይጠራዋል። የክርስትና ስም ግን ሌላ ነው፤ ጠንቋይ እጅ ከገባ ባለቤቱ አበቃለት። የሳቸውን የሚያውቁት የነፍስ አባታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አምና አርፈዋል። ለገዛ ልጃቸው ለትንሣኤ እንኳ ነግረውት አያውቁም።

ለሊሴ ደግሞ ያደገችው ጴንጤ ቤት ነው። የክርስትና ስም ምን ይሠራላታል?

ይህ ሁሉ የመጣው ትንሣኤ ለሆድ ሕመማቸው ሐኪም ቤት ከወሰዳቸው ወዲህ ነው። ውጤቱን ብቻውን ገብቶ ሰማ። «ጨጓራ ነው፣ እማዬ» አላቸው፣ ፊታቸውን ሳያይ። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ጓዳ ገብተው ያንሾካሽካሉ፤ እሳቸው ብቅ ሲሉ ጸጥ። ለሊሴ ሥራ አታስነካቸውም። ስድስት ዓመት ያኮረፋቸው ወንድማቸው ጎበና ሳይቀር ከሱሉልታ መጥቶ ታረቃቸው።

«ቤቴን አይተው ነው» አሉ ለሙሉነሽ። «እኔን ነቅለው ሊካፈሉት።»

ሙሉነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

ሐሙስ ዕለት ለሊሴ አጥሚት ይዛላቸው መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?»

«ለምንሽ?»

«ለእንጦጦው ቄስ እንሰጣለን ብሎ ነው ትንሣኤ። ለጸሎት።»

ጸሎት እቴ! ወይዘሮ ወርቄ በሆዳቸው ሳቁ፤ ፈሩም። እምቢ ቢሉ ከሌላ ቦታ ትቆፍረዋለች። ስለዚህ አፋቸው ላይ የመጣውን ሰጧት።

«ወለተጊዮርጊስ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የጊዮርጊስ ልጅ። በሃያ ሦስት ስለተወለድኩ ነው።»

የተወለዱት ግን በማርያም ነበር።

ለሊሴ ሁለት ጊዜ አስደግማቸው ወረቀት ላይ ጻፈችው። ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ይቺ ተንኮለኛ ማልቀስም ታውቅበታለች፣ አሉ ወይዘሮ ወርቄ በልባቸው። ነፍሳቸውን ያተረፉ ያህል ደስ አላቸው፤ አጥሚቱንም ጠጡላት።

በሦስተኛው ሳምንት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ቄሱ ከለሊሴ እጅ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና ሬሳ ሳጥኑ ፊት ቆመው ለወለተጊዮርጊስ ነፍስ ፍትሐት ጀመሩ።